ቢጫው የእንጨት በር

ውሸት አልችልም አልልም፤ እችላለሁ። ግን ሳልዘጋጅ አይሆንልኝም። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ መንገዱን አስቀድሜ ካልሠራሁት መልሱ ይጠፋኛል። ጋሽ ዳባ ይሄን አመሌን አሳምረው ያውቃሉ። እያወቁ ነው እንግዲህ ያንን ሥራ እኔ ላይ የጣሉት፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

ስልኬ የጮኸው ገና ጎህ ሲቀድ ነበር። ሌሊሴ ናት፣ የማርቆስ ሚስት። ማርቆስ የጓደኛዬ የተሻለች ታላቅ ወንድም ነው። ሌሊሴ መናገር አቅቷት ስታለቅስ የእድራቸው ሊቀመንበር ጋሽ ዳባ ስልኩን ተቀበሏትና «ውዳሴ ልጄ፣ ማርቆስ አረፈ» አሉኝ። ራሴን አመመኝ ብሎ ተኝቶ ነበር አሉ። ከዚያ ተነስቶ ውሃ ጠጣ፣ መኪና እስኪመጣ እንኳ አልቆየም።

እኔ ገና ጫማዬን እየፈለግኩ «በቃ ተሻለችን ይዤ አሁኑኑ እመጣለሁ» ስል፣ «አይሆንም» አሉኝ።

«እንዴት አይሆንም? እህቱ ናት እኮ ጋሽ ዳባ!»

«እህቱ መሆኗን ለእኔ አትንገሪኝ» አሉ ረጋ ብለው። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጅቷ ዛሬ ያን ትምህርቷን ታስተምራለች። ስትጨርስ ይዘሻት ቤቷ ትመጪያለሽ። እኛ እዚያ ቁጭ ብለን እንጠብቃችኋለን፣ በወጉ እንነግራታለን። እስከዚያ ስልኳን አንቺ ያዢ። እዚህም ማንም እንዳያነሳላት ተናግሬያለሁ። ደግሞ ጥቁር እንዳትለብሺ።»

«ነገ ይሄን ብታውቅ ምን ትለናለች?»

«የምትለውን ትበለን። ማርቆስ ትናንት አምሽቶ ስለዚያ ትምህርት ነበር የሚያወራው። ቀርታበት ቦታው ለሌላ ሰው ቢሰጥ እሱ ራሱ ከመቃብሩ ተነስቶ ይቆጣኛል።»

አረንጓዴ ሹራቤን ለበስኩ፣ ጥቁሩን ሻሽ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ።

ተሻለችን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ወላጆቿ ጎጃም ውስጥ በልጅነቷ ነው የሞቱባት። ማርቆስ ያኔ ራሱ ገና ጎረምሳ ነው፣ አጠና ተራ አጠና እየተሸከመ ይውል ነበር። ሄዶ አመጣት፣ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጣትና አሳደጋት። ፀጉሯን የሚሠራላት እንኳ እሱ ነበር፤ ሹሩባው ጠማማ ሆኖ ልጆች ሲስቁባት «ወንድሜ ነው የሠራኝ» ብላ ትደባደብ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች። እሱ ከተሸካሚነት ወደ አናጢነት አለፈ፣ ሌሊሴን አገባ፣ እሷ ኮሌጅ ገባች። አሁን ቀራንዮ እኛ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች፣ ግን በኮንትራት። ኮንትራት ማለት ዛሬ አለሽ፣ ነገ እንጃ ማለት ነው።

የቋሚ አስተማሪ ቦታ ሲከፈት ገምጋሚዎች ባሉበት የሞዴል ትምህርት ማስተማር ግዴታ ሆነ። መጀመሪያ ያስተማረች ቀን ወደቀች። የደረሳት ርዕስ በእንግሊዝኛ ቅጽሎችን በተራቸው መደርደር ነበር። እኛ ቋንቋ ላይ ቢጫ ትልቅ በር ብትሉ፣ ትልቅ ቢጫ በር ብትሉ ማንም አይቆጣችሁም። እንግሊዞቹ ግን ተራ አላቸው፣ ልክ እንደ ታክሲ። አስተያየት ይቀድማል፣ ከዚያ መጠን፣ ከዚያ ዕድሜ፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ የተሠራበት ነገር፣ መጨረሻ ላይ ዕቃው ራሱ። አንድ ተማሪ «ለምን?» ብሎ ጠየቃትና ተሻለች ገምጋሚዎቹ ፊት ላብ አጠመቃት፣ ጠመኔውንም ጣለች፣ ቃሉም ጠፋባት። ሁለተኛ ዕድል ሰጧት፣ በዚያው ርዕስ። ሦስተኛ የለም አሏት።

ያን ሰሞን ማርቆስ ቤት ሄዳ አለቀሰች። እሱ እንግሊዝኛ አያውቅም። ግን ጉዳዩን ደጋግሞ አስነገራትና «ተራ ከሆነማ የእኔ ሥራ ነው» አላት። ከቁርጥራጭ እንጨት ረጅም መደርደሪያ ሠራላት፣ ስድስት ቦታ ያለው፣ እያንዳንዱ ቦታ በተለያየ ቀለም የተቀባ። ቃል የሚጻፍባቸው ትናንሽ እንጨቶችም ሠራ፤ እንደ ሰሌዳ ጥቁር ቀባቸው፣ በጠመኔ ጽፎ ማጥፋት ይቻላል። የዕቃው ስም ከሚገባበት ከመጨረሻው ቦታ ቀጥሎ ያለውን ጫፍ በጣውላ ደፈነው። «ከዚህ በኋላ ምንም አይገባም» አለ። እኔም ነበርኩ፣ ቁጭ ብዬ እያየሁት። «ግን ተሹ፣ የተሠራበት ነገር ለምንድነው መጨረሻ የሚመጣው? እኔ መጀመሪያ የማየው እንጨቱን ነው» ሲላት እሷ በሳቅ ሞተች።

እንግዲህ ያን መደርደሪያ በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋው ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኋት። ልብሷን ተኩሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ። እኔን ስታይ ፈገግታዋ ቀነሰ።

«ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«ጥርሴን» አልኩ። «ሌሊቱን አላስተኛኝም።»

«ነቀዝሽ በይኛ፣ ስኳር ቀንሺ ስልሽ» አለችና ሳቀች። ወዲያው ስልኳን አወጣች። «ማርቆስ እኮ አያነሳም። ሁልጊዜ ፈተና ሲኖረኝ ጠዋት ይመርቀኛል። ሌሊሴም አታነሳም።»

«እንጨት እየላገ ይሆናል፣ ማሽኑ እየጮኸ መቼ ይሰማዋል?» አልኳት። «ስልኩን ለእኔ ስጪኝ። ገምጋሚዎቹ ክፍል ውስጥ ስልክ ካዩ ይቀንሱብሻል።»

«አንዴ ብቻ ልሞክር።»

«ተሻለች፣ ስጪኝ አልኩሽ» ብዬ ነጠቅኳት። ደነገጠች፣ ከዚያ «ጥርስሽ ነው የሚቆጣው» ብላ ተወችኝ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ግን ከጠዋቱ ጀምሮ እየከበደኝ ነበር።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጌድዮንም ሰምቷል፣ ሌሎቹ አስተማሪዎችም ሰምተዋል። መምህራን ክፍል ስንገባ ሁሉም መጽሐፉ ላይ አቀረቀረ። በየቀኑ የምትቀልድባቸው ሰዎች «መልካም ዕድል» እያሉ ድምፃቸው ይሰበራል። እሷ ይሄ ሁሉ ስለ ፈተናው የተጨነቁላት መሰላት። «ኧረ ሰዎች፣ እንደዚህ ካያችሁኝ እወድቃለሁ» አለቻቸው። ጌድዮን ጠመኔ ሊያመጣ ነው ብሎ ወጣ። ጠመኔው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሁላችንም ትልልቆቹ አንዳችን ሌላውን እየጠበቅን፣ ስልክ እየደበቅን፣ በር ላይ የሚመጣውን እንግዳ እየመለስን ነበር። ልጆቹን ግን ማንም አላሰበም።

ገምጋሚዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው አቶ ኃይለመስቀል፣ ሽበታም፣ ትሑት ሰው። ሌላዋ ጻፍ ጻፍ የምታደርግ ዝምተኛ ሴት። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እኔም አጠገባቸው። የተሻለች ስልክ ኪሴ ውስጥ ይርገበገባል፤ ከጎጃም ይሁን ከየት እንጃ፣ ያልተነገረው ዘመድ የለም መሰለኝ። በእጄ ጭኜ ያዝኩት።

ተሻለች ጀመረች። መደርደሪያውን ጠረጴዛ ላይ ስታቆመው ልጆቹ ከወንበራቸው ተነሱ። ያ «ለምን?» ብሎ የጠየቀው ልጅ ዛሬም «ለምን?» አላት፣ እሷም አልደነገጠችም። ስለ አንድ ነገር ስንናገር እንግሊዝኛ መጀመሪያ የሚያስቀድመው ሰው የሚያከራክርበትን ነው አለች። አንተ ቆንጆ ነው ትላለህ፣ ጓደኛህ አይደለም ይልሃል። ወደ ዕቃው እየቀረብን ስንሄድ ክርክሩ ያልቃል፣ እንጨት ከሆነ እንጨት ነው። ዝምተኛዋ ገምጋሚ ቀና ብላ አየቻት። እኔ የሆዴን በሆዴ ይዤ እንኳ ኮራሁባት።

ከዚያ ነው ነገሩ የመጣው። ተሻለች የመጽሐፉን ምሳሌ ትታ ልጆቹን በእንግሊዝኛ «ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡ ምን አያችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ጥሩ ጥያቄ ነው። አስተማሪ ሁሉ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ነው።

አንዱ ትንሽ ነጭ ውሻ አለ። ሌላው ረጅም አሮጌ አውቶቡስ አለ። ሦስተኛ ሀዊ እጇን አወጣች። ሀዊ በቅርቡ ነው ወደኛ የተዛወረችው፤ ከአክስቷ ጋር አሥራ ስምንት ማዞሪያ ነው የምትኖረው። የተሻለችን ዘመድ አዝማድ የምታውቅበት ምክንያት የለም።

«አይ ሶው ኤ ቢግ ኦልድ ግሪን ቴንት» አለች። ትልቅ አሮጌ አረንጓዴ ድንኳን አየሁ ማለቷ ነው። ተራው አልተዛነፈም።

«ቬሪ ጉድ!» አለች ተሻለች። እንጨቶቹን በየቦታቸው ከተተችና «የት?» አለቻት።

«አናጢው ቤት ፊት ለፊት» አለች ሀዊ በዚያው በእንግሊዝኛዋ።

ተሻለች ለአፍታ ቆም አለች። ማዞሪያው አካባቢ አናጢ ሞልቷል፤ ድንኳንም ለሠርግም ይተከላል። አቶ ኃይለመስቀል ልጅቷ ስትናገር ደስ ብሏቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ነው። ዝም ብትል ደስ ባለኝ፣ ግን ገምጋሚ ፊት ተማሪ እንደዚያ ሲናገር ዝም የሚል አስተማሪ የለም። «ስለ ቤቱ ንገሪን» አለቻት። «ቅጽል ጨምሪበት።»

እኔ ብድግ አልኩ። ምን ላደርግ እንደነበር አላውቅም። ጥርሴን አመመኝ ብዬ ልጮህ ይሆን? ሀዊ ግን አሰበች፣ በጣቷ ቆጠረች፣ ከዚያ በኩራት ተናገረች።

«ኤ ቢዩቲፉል ቢግ የሎው ውድን ዶር።»

ቆንጆ ትልቅ ቢጫ የእንጨት በር። በዚያ ሰፈር የሁሉም በር ቆርቆሮ ነው። የእንጨት በር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቢጫ የቀባውም ተሻለች ኮሌጅ የጨረሰች ዕለት ነው።

ተሻለች እንጨቶቹን አንስታ በጠመኔ መጻፍ ጀመረች። ቆንጆ የሚለውን አስገባች። ትልቅ የሚለውን አስገባች። ዕድሜ አልተጠቀሰም፣ ቦታውን ባዶ አለፈችው። ቢጫ የሚለውን ስታስገባ እጇ ዘገየ። የእንጨት የሚለውን ይዛ ቆመች። ልጆቹ የምትፈትናቸው መሰላቸው። አቶ ኃይለመስቀልም ሆን ብላ ያስጠበቀቻቸው መሰላቸው። እሷ እኔን ነበር የምታየው። ቆሜያለሁ እኮ፣ ምን ይደበቃል? ጥርሴን ያመመኝ ሰው ለምን እንደዚያ እቆማለሁ?

እንጨቱን አስገባች። በር የሚለውንም ጫፉ በተደፈነው በመጨረሻው ቦታ አስገባች። «ኮሬክት ሀዊ። ሲት ዳውን» አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። ልጆቹን ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደዚህ ያለ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ አዘዘችና ደብተር እያየች፣ ወንበር በወንበር ወደ ኋላ መጣች። እኔ ጋ ስትደርስ ወደ መጨረሻው ወንበር ጎንበስ ያለች መስላ በጆሮዬ «ውዳሴ፣ ማነው?» አለችኝ።

መርዶ ተራ አለው። መጀመሪያ ታሟል ይባላል፣ ከዚያ ጠንቶበታል ይባላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ውሃ ይቀርባል፣ ከዚያ ነው ስሙ የሚጠራው። ጋሽ ዳባ ይሄን ሁሉ አሰናድተው ቤቷ ቁጭ ብለዋል። እኔ ምን አለኝ? አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያወጣኝ፣ ያንን ቃል ደግሞ እዚህ መናገር አልችልም።

«እማማ ድንቄ» አልኩ።

እማማ ድንቄ የሌሊሴ እናት ናቸው፤ አርጅተዋል፣ እዚያው ቤት ነው የሚኖሩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እግዜር ይወቀው። የተሻለች ፊት ግን ደም ሲመለስበት አየሁ። ዐይኗን ጨፈነች፣ ትንፋሿን ለቀቀች፣ ከዚያ በለቀቀችው አፈረችና «ይቅር በለኝ» አለች፣ ለእኔ አይደለም፣ ለፈጣሪ። «አሁን ገባኝ ለምን እንደማያነሳ። ደግ እናት ነበሩ። ወንድሜ እንደ እናቱ ነበር የሚወዳቸው።»

ተመልሳ ሄደች። አስተማረች። እንዲያውም ካለፈው በልጣ አስተማረች፣ ለእማማ ድንቄ ያዘነውን ልቧን ደብቃ፣ ማርቆስ በሠራው መደርደሪያ ላይ የልጆቹን ቃል እየደረደረች። እኔ እያንዳንዷን ደቂቃ ረገምኩ። ማለቁንም ፈራሁ፣ አለማለቁንም ፈራሁ። ቦታውን አገኘች፣ ይሄን አሁን ልናገርና ይውጣልኝ። ዛሬ ቋሚ አስተማሪ ናት፣ በየዓመቱ ያንን ትምህርት በዚያው መደርደሪያ ታስተምራለች። «ዛሬ ጠዋት ምን አያችሁ?» የሚለውን ግን አትጠይቅም። ሀዊም የተናገረችው ምን እንደነበር እስካሁን አታውቅም፣ ማንም አልነገራትም።

ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ እጇን ያዝኩ። «ቶሎ እንሂድ፣ ቤትሽ ልብስ ትቀይሪያለሽ» አልኳት። እዚያ ሽማግሌዎቹ አሉ፣ ከደረስን ሸክሙ ከእኔ ይወርዳል ብዬ ነው። መደርደሪያውን እንዳለ፣ የሀዊ ቃል እንደተሰካበት ታቀፍኩት። ግቢው መሀል፣ ባንዲራው ስር ስንደርስ አቶ ኃይለመስቀል ጠሩን።

«ውጤቱን እዚህ መናገር አይፈቀድልኝም» አሉ፣ ግን እጇን በሁለት እጃቸው ጨበጧት። «ያኔ የደነገጥሽው ልጅ አንቺ ነሽ ቢሉኝ አላምንም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ለአስተያየቱ መቆየት አልችልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐዘን ደርሶብናል። የወንድሜ አማት ናቸው።»

«ይሄን በሆድሽ ይዘሽ ነው ያስተማርሽው?» ሰውየው ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «በይ ሂጂ። ወንድምሽን አገኘሽው?»

«አያነሳልኝም። ስልኬንስ አንቺ አይደለሽ የያዝሽው?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ባትሪው አልቋል» አልኩ። በዚያች ቅጽበት ኪሴ ውስጥ ሲርገበገብ ሁለቱም ሰሙት። አቶ ኃይለመስቀል አዩኝ፣ አልገባቸውም፣ ግን ደግ ሰው ናቸው፣ እኔን ማዋረድ አልፈለጉም። የራሳቸውን ስልክ አውጥተው «በዚህ ደውይለት» ብለው ሰጧት። የማርቆስን ቁጥር በቃሏ ነው የምታውቀው። ቁጥሩን እየመታች ሳለ ልነጥቃት ይገባኝ ነበር። መደርደሪያውን ታቅፌ ቆምኩ።

ጋሽ ዳባ የእሷ ቁጥር ሲደወል እንዳይነሳ ብለው ነው ያዘዙት። የማይታወቅ ቁጥር ሲደወልስ? ያንን ማንም አላለም። ለቀብር የሚመጣ እንግዳ ቤት ጠፍቶት ይሆናል ብሎ ማን አያነሳም?

ተነሳ።

«ማርቆሴ» አለች ተሻለች በፍጥነት፣ እንባዋ እየመጣ፣ «ሰማሁ እኮ፣ አይዞህ። እናት ናቸው፣ አውቃለሁ። ትምህርቱን ጨርሻለሁ፣ አሁን እየመጣሁልህ ነው፣ ብቻህን አይደለህም።»

ከወዲያ በኩል ለቅሶ ይሰማል። ከለቅሶው መሀል የአሮጊት ድምፅ፣ የደከመ፣ ወደ ስልኩ ተጠግቶ፣ «ማን ልበል ልጄ?» አለ። «የማርቆስን ስልክ እኔ ነኝ የያዝኩት። ድንቄ ነኝ፣ አማቱ።»

ተሻለች አልጮኸችም። ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች፣ በሸሚዟ ጠርዝ ጠረገችው፣ ለአቶ ኃይለመስቀል በሁለት እጇ መለሰችላቸው። አመሰገነቻቸውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዐይኗ መደርደሪያው ላይ ነበር፣ ቢጫው ላይ፣ እንጨቱ ላይ። እንደ ቅድሙ በሹክሹክታ አይደለም፣ በቀጥታ ጠየቀችኝ።

«ማነው?»

«ማርቆስ» አልኩ። ከፊቱ ምንም አላስቀደምኩለትም።

ባንዲራው ስር መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ ጥቁሩን ሻሽ ከቦርሳዬ ሳወጣ አየችው፣ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፣ አላሰረችውም። ትቆጣኛለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ብትመታኝ በወደድኩ። ሽማግሌዎቹ አሁንም ቤቷ ቁጭ ብለው እየጠበቁን ነው።

«ላጽናናው እኮ ነው የደወልኩት» አለችኝ።